የወር አስቤዛችን ለበጎ አድራጎት ሲውል፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ ይኸውም ቤተሰብ ለዕለት ፍጆታው ከሚገዛው ዕቃ ላይ የተወሰነ መቶኛ ለበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲውል ከሱቆችና ከሱፐርማርኬቶች ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው። ሁሉንም ለማስተናገድ ቦታ ስለማይበቃን አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ብዙ ነገር የሚነካ በመሆኑ ሰፋ ያለ ምላሽ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ 60 ያህል ቤተሰቦች የታቀፉበት የሴቶች ማኅበር አለን። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚንከባከብ አንድ ድርጅት በየወሩ መዋጮ እያወጣን ስንደግፍ ቆይተናል፤ ኑሮው እየከበደ ሲሄድ ግን የሚያዋጣው ሰው እየቀነሰ መጣ። በቅርቡ የአንድ ሚኒ ማርኬት ባለቤት፣ አባሎቻችን የወር አስቤዛቸውን ከእሳቸው የሚገዙ ከሆነ ከሽያጩ 3 በመቶውን ለድርጅቱ እንደሚሰጡ ነገሩን። ገሚሶቻችን ደስ ብሎናል፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ጽድቅንና ንግድን ማቀላቀል ነውር ነው እንላለን። ብንስማማ ከምን እንጀምር? (አንዲት አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት አባሎቻችሁን ስለከፈለው ጉዳይ እንነጋገር፤ በእሱ ላይ ሳትግባቡ ብትጀምሩ ቅሬታው ውሎ አድሮ መነሣቱ አይቀርምና። ግዢንና በጎ አድራጎትን ማገናኘት ለከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከቀይ መስቀል ፋርማሲ መድኃኒት የገዛ ሰው የራሱን ጉዳይ እየፈጸመ ለማኅበሩ ሥራ የሚውል ገቢ አስገኝቷል። በቸርችል ጎዳና ሆፕ ኢንተርፕራይዝ ከተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የምግብ ኩፖን ገዝቶ፣ መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋለት ሰው በሳንቲም ፋንታ ኩፖኑን የሰጠ የአዲስ አበባ ነዋሪም ጥቂት አይደለም፤ ተቀባዩ ኩፖኑን ይዞ ሄዶ ይመገብበት ነበር። የዲፕሎማቶች የትዳር አጋሮች በየዓመቱ የሚያዘጋጁት ባዛር ከየአገሩ የመጡ ሸቀጦችን የሚሸጠው፣ ገቢውን ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለማከፋፈል ነው። በእነዚህ ሁሉ ገዢው የሚፈልገውን ዕቃ ያገኛል፣ ድርጅቱም ገቢ ያገኛል፤ ማንም ነውር ብሎ አያውቅም።

ሆኖም የተጠራጠሩት አባሎቻችሁ አንድ እውነት ይዘዋል። እናንተ የቀረበላችሁ ሐሳብ ከእነዚህ የሚለየው በመካከል የራሱን ትርፍ የሚፈልግ ነጋዴ ያለበት በመሆኑ ነው። ይህ ዓይነቱ አሠራር በዓለም ላይ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካን ኤክስፕረስ የተባለው የክፍያ ካርድ ኩባንያ፣ ደንበኞቹ በካርዱ በከፈሉ ቁጥር አንድ ሳንቲም ለኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልት እድሳት እሰጣለሁ ባለ ጊዜ ነው። ለእድሳቱ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ፤ የካርዱ አጠቃቀም ደግሞ በዚያው የዘመቻ ወቅት ከሩብ በላይ ጨመረ። ኩባንያው ሰጥቶ አልከሰረም፣ አትርፏል። የእናንተም ባለሚኒ ማርኬት 60 ቋሚ ደንበኛ ያለ ማስታወቂያ ወጪ ያገኛሉ። በእኛ አስተያየት ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ጥቅሙን ደብቆ ሁሉንም እንደ ምጽዋት ማቅረብ ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ስትነጋገሩ እንደ ለማኝ ሳይሆን 60 ቤተሰብ ይዞ እንደ መጣ ገዢ ተነጋገሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ ብዙዎች ተስፋቸውን ከፍ አድርገው የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ በወር ለአስቤዛ 15,000 ብር ያወጣል ብንል እንኳ ይህ ሁሉ ወደ ሚኒ ማርኬቱ አይሄድም። ጤፉ ከእህል ነጋዴ ወይም ከወፍጮ ቤት ይገዛል፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከጉሊት ወይም ከእሑድ ገበያ ይመጣል፤ ሥጋው ከልኳንዳ ነው፤ ዘይትና ስኳር ሲገኝም ከሸማቾች ማኅበር ሱቅ ይወሰዳል። ለሚኒ ማርኬቱ የሚቀርለት ፓስታው፣ ሩዙ፣ ሳሙናው፣ የሽንት ቤት ወረቀቱ፣ የሕፃናት ዳይፐሩና ይህን የመሰለው ነው። ይህን 4,000 ብር ብለን እንያዘው። 60 ቤተሰብ በሙሉ ቢገዛ የወሩ ሽያጭ 240,000 ብር፣ የዚህም 3 በመቶ 7,200 ብር ይሆናል። ግማሹ ቤተሰብ ብቻ ቃሉን ቢጠብቅ ደግሞ 3,600 ብር ነው። 7,200 ብር ማለት እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 120 ብር ቢያዋጣ የሚገኘው ገንዘብ ነው። ይህን የምንለው ሐሳቡን ለማጣጣል አይደለም፤ 120 ብር ማዋጣት ያቃተው ቤተሰብ ከኪሱ ሳይጨምር ይህን ያህል እንዲሰጥ የሚያስችል መንገድ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማዋጣት የሚችሉት አባላት “ከእንግዲህ በአስቤዛዬ እየሰጠሁ ነው” ብለው የቀድሞውን መዋጮ ካቆሙ፣ ድርጅቱ ያገኘው ቀርቶ የነበረውንም ሊያጣ ይችላልና አዲሱ ገቢ በመዋጮው ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው እንዳይሆን ከመጀመሪያው በቃለ ጉባኤ ወስኑ።

በዚሁ አጋጣሚ ሳንጠየቅ አንድ ነገር እንድንል ይፈቀድልን። ሚኒ ማርኬቱ አትክልትም የሚሸጥ ከሆነ መቶኛውን ለማሳደግ ስትሉ ሽንኩርታችሁን ከጉሊት ወደ እሱ አታዛውሩ። መንገድ ዳር መደብ ዘርግታ የምትሸጠው እናት ከእናንተ በምታገኘው ልጆቿን የምታሳድግ ናት፤ ከእሷ ወስዶ ለአረጋዊ መስጠት ችግሩን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ነው። ማኅበራችሁ የሚያዛውረው ግዢ ከሌላ ትልቅ ሱቅ ይገዛ የነበረውን ብቻ ቢሆን እንመርጣለን።

ስለ መቶኛው መጠን ስትደራደሩ ሁሉም ዕቃ እኩል ትርፍ እንደማይሰጥ አስቡ። በዘይት፣ በስኳርና በዱቄት ላይ ነጋዴው የሚያገኘው የትርፍ ህዳግ ቀጭን ነው፤ በእነዚህም ላይ 3 በመቶ ከጠየቃችሁት ወይ ቃሉን ያጥፋል ወይ ዋጋ ይጨምራል። በሳሙና፣ በብስኩት፣ በመዋቢያና በቤት ማጽጃ ዕቃዎች ላይ ግን ሰፋ ያለ ህዳግ አለው። ከሽያጫችሁ ግማሹ ከመጀመሪያው ወገን ሆኖ 1 በመቶ፣ ግማሹ ከሁለተኛው ሆኖ 3 በመቶ ቢታሰብበት በፊት ያሰላነው 7,200 ብር ወደ 4,800 ብር ይወርዳል፤ ይሁንና ለሦስት ወር ብቻ የሚቆይ 7,200 ብር ለዓመታት ከሚቆይ 4,800 ብር አይሻልም። መቶኛው የሚሰላው ቫት ከመጨመሩ በፊት ባለው ዋጋ መሆኑንም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቫቱ የመንግሥት እንጂ የነጋዴው ገንዘብ አይደለም። 115 ብር በተከፈለበት ዕቃ ላይ 15ቱ ብር ቫት ከሆነ 3 በመቶው ከ100 ብር ላይ ይታሰባል ማለት ነው፤ ይህን ያልተነጋገሩ ሰዎች በወሩ መጨረሻ ሁለት የተለያየ ድምር ይዘው ይፋጠጣሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ አቋማችን የማያወላውል ነው። ገንዘቡ በማኅበራችሁ እጅም ሆነ በሊቀ መንበሯ የባንክ ሒሳብ በኩል ማለፍ የለበትም። ባለሱቁ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ፤ ድርጅቱ ማኅተም ያለበትን የገቢ ደረሰኝ ለባለሱቁ ይስጥ፤ ለማኅበራችሁ ደግሞ የደረሰኙ ቅጂ ይድረሳችሁ። ይህን የምንለው እናንተን ባለማመን አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ተቋማትን ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል፤ ለእርስ በርስ መረዳጃ የቆመ ያልተመዘገበ ማኅበር ለሦስተኛ ወገን የሚሆን ገንዘብ ከነጋዴ እየሰበሰበ በእጁ ቢያስቀምጥ ግን ነገ የሚነሣ ጥያቄ ሲመጣ የሚያሳየው ሰነድ አይኖረውም። የተመዘገበው ድርጅት ዓመታዊ የሥራ ክንውንና የኦዲት ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የድርጅቱን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ለማየት መጠየቅ፣ ምዝገባው የጸና መሆኑንም ባለሥልጣኑ ዘንድ ማረጋገጥ ማንንም ሊያስቀይም አይገባም። በዚሁ አዋጅ መሠረት አንድ ድርጅት ለአስተዳደር ወጪ ሊያውል የሚችለው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ ያልበለጠውን ነው፤ የእናንተ ድርጅት ስንቱን እንደሚያውል መጠየቅም መብታችሁ ነው።

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ረጅም ውል አያስፈልግም፤ ሦስታችሁም ማለትም ማኅበሩ፣ ባለሱቁና ድርጅቱ የምትፈርሙበት አንድ ወይም ሁለት ገጽ የመግባቢያ ሰነድ ይበቃል። መቶኛው ስንት እንደሆነና በየትኞቹ ዕቃዎች ላይ እንደሚታሰብ፣ ክፍያው በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ፣ ባለሱቁ የድርጅቱን ስምና ዓርማ የት መለጠፍ እንደሚፈቀድላቸውና ስምምነቱ ሲያበቃ ማስታወቂያው መነሣት እንዳለበት፣ እንዲሁም ከሦስቱ አንዱ መውጣት ቢፈልግ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ ይጻፍ። የስሙ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ድርጅቱ ሳይፈርም በእሱ ስም ዕቃ መሸጥ ግን ባለሱቁንም እናንተንም ያስጠይቃል።

የአባላት ግዢ እንዴት እንደሚቆጠር ቀላሉ መንገድ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ነው። እያንዳንዷ አባል ደረሰኟን በፖስታ አስቀምጣ በወሩ መጨረሻ ለጸሐፊዋ ትሰጣለች፤ ጸሐፊዋ ደምራ ከባለሱቁ ድምር ጋር ታስተያያለች። ባለሱቁ ለሒሳብ ሠራተኛቸው ደረሰኝ በሚገባ እየቆረጡ መሆናቸውም በዚሁ ይታወቃል፤ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ መቶኛ ውስጥ አይገባምና። አንዳንድ ሱቆች በአባል ቁጥር ወይም በስልክ ቁጥር መዝግበው ይደምራሉ፤ ይህ ድካም ይቀንሳል፣ ነገር ግን አንዲት እናት በወር ምን ምን እንደገዛች የሚናገር ዝርዝር በሰው እጅ ይተዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ዓላማ ማዋል በሕግ የሚያስጠይቅ ሆኗል። ስለዚህ ድርጅቱና ማኅበሩ የሚደርሳቸው ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ይሁን።

መቼ እንጀምር ለሚለው፣ በበዓል ሰሞን አትጀምሩ። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ሰው ከወትሮው እጥፍ ስለሚገዛ የመጀመሪያው ወር መቶኛ ያማልላል፤ ቀጥሎ ያለው ወር ሲመጣ “ምን ሆነ? ሰረቁን እንዴ?” የሚል ሐሜት ይነሣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ የወተት፣ የቅቤና የእንቁላል ግዢ ይቀንስና ዘይቱና ምስሩ ይበዛል፤ እነሱ ደግሞ ህዳጋቸው ቀጭን ነው። ጾምም በዓልም ባልበዛበት ወር ጀምራችሁ ለሦስት ወር ሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው አኃዝ የምትተማመኑበት ይሆናል።

በመጨረሻም ከአንድ ድርጅት አትበልጡ። አማዞን የተባለው የኢንተርኔት ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደንበኞቹ ከሚገዙት ዕቃ 0.5 በመቶውን ደንበኛው ለመረጠው ድርጅት ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ግን ዘጋው። ኩባንያው በሰጠው ምክንያት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድርጅቶች በመካተታቸው ገንዘቡ ተበታትኖ በ2022 ለአንድ ድርጅት የደረሰው በአማካይ ከ230 ዶላር በታች ሆኖ ነበር። 60 ቤተሰብ የሚያስገኘው 4,800 ብር ለአምስት ድርጅት ቢከፋፈል የአንዱም ችግር አይቃለልም፤ ለአንዱ ቢሰጥ ግን የወሩን ሳሙናና የአዋቂ ዳይፐር ከፊል ወጪ ሊሸፍን ይችላል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ሱፐርማርኬት አለኝ። በአካባቢው ከፈረሱት ቤቶች ጋር ብዙ ነባር ደንበኞቼ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል፤ ቀሪዎቹን ለማቆየትም፣ በጎ ለማድረግም ብዬ ከሽያጬ 2 በመቶውን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ለመስጠት አስቤአለሁ። የምሰጠው ገንዘብ ከግብር ይቀነስልኛል ወይ? ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሬ ብሰጥስ? (አንድ ነጋዴ አንባቢ)

መልስ፦ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በንግድ ሥራ ገቢ ላይ ግብር የሚከፍል ሰው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ እንዲቀነስለት ይፈቅዳል። እንግዲህ ይህ የሚቀነሰው ከገቢው እንጂ ከግብሩ አይደለም፤ ብዙ ነጋዴዎች ሁለቱን ያምታታሉ። የዓመቱ ግብር የሚከፈልበት ገቢዎ 500,000 ብር ቢሆን እስከ 50,000 ብር ድረስ ተቀናሽ ማድረግ ይችላሉ፤ ያ ገንዘብ በ35 በመቶ መደብ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ የሚቀልልዎት ግብር 17,500 ብር ሲሆን ቀሪው 32,500 ብር የእርስዎ የራስዎ ልግስና ነው። ለዚህም የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ከድርጅቱ ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ መቀበልና ክፍያውን በባንክ መፈጸም አለብዎት፤ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ተቀናሽ የሚያደርግበት መሠረት የለውም። አዋጁ በ2017 ማሻሻያ የተደረገበት በመሆኑ የዓመቱን ሒሳብ ከመዝጋትዎ በፊት የሒሳብ ባለሙያዎ የተሻሻለውን ጽሑፍ እንዲያይልዎት ይጠይቁ። ቫቱ ግን ምንም አይነካም፤ ደንበኛው የከፈለውን ሙሉ ዋጋ መሠረት አድርገው ያስገባሉ።

ዋጋ ጨምሮ ስለ መስጠት ያነሡት ጥያቄ ከግብሩ ይበልጥ ያሳስበናል። የ2 በመቶ ጭማሪ አድርገው 2 በመቶ ከሰጡ የሰጡት እርስዎ ሳይሆኑ ደንበኛዎ ናቸው፤ “ከትርፌ እሰጣለሁ” የሚል ማስታወቂያ በበር ላይ ከለጠፉ ደግሞ አሳሳች ይሆናል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሁለቱም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ከሕጉም በላይ የሸማቹ ዓይን አለ፤ የፒያሳ እመቤት የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ በሦስት ሱቅ ጠይቃ ነው የምትገዛው። ጭማሪ ማድረግ የግድ ከሆነብዎ “በዚህ ዕቃ ላይ 2 ብር ጨምረናል፣ ሁለቱም ብር ለእገሌ ድርጅት ይውላል” ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ይህ የደንበኛ ልገሳ ነውና የግብር ተቀናሹ ለእርስዎ እንደማይታሰብም ይረዱ። እኛ ግን ከ2 በመቶው ይልቅ 1 በመቶ ከራስዎ ህዳግ ቢሰጡ እንመርጣለን።

ወደ ሌላ ሰፈር ስለሄዱት ደንበኞችዎ፦ ብዙዎቹ ዕድራቸውን እንደያዙ ነው የሄዱት። የዕድሩን ጸሐፊ አግኝተው ስለ ሐሳብዎ ቢያስረዱ፣ ለልቅሶና ለሠርግ የሚገዛው ዘይት፣ ዱቄትና ለስላሳ መጠጥ ከእርስዎ ሱቅ ይሄድ ዘንድ ምክንያት ያገኛሉ፤ ይህ በአንድ ቤተሰብ አስቤዛ የማይገኝ ትልቅ ግዢ ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ካሉት ሱፐርማርኬቶች በአንዱ ዕቃ ስገዛ ካሸሯ የአንድና የሁለት ብር መልስ አትሰጠኝም፤ ቀድሞ ከረሜላና ማስቲካ ይሰጡ ነበር፣ አሁን ደግሞ “ለበጎ አድራጎት ነው” ብላ ባንኮኒው ላይ ወዳለው ሣጥን ታመለክተኛለች። መቃወም ነውር መስሎኝ ዝም ብዬ እወጣለሁ። ልክ ነው? (አንድ አንባቢ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ልክ አይደለም። መልሱ የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ የሚለግሱትም ወይም የማይለግሱትም እርስዎ ነዎት። አንዲት ካሸር “ሁለቱን ብር ለሕፃናት ይተዉታል?” ብላ ብትጠይቅዎና እሺ ቢሉ ሌላ ነገር ነው፤ ሳትጠይቅ ብታስቀረው ግን ሣጥኑ ውስጥ ቢገባም እንኳ ስጦታ አይባልም። በሣጥኑ ላይ የድርጅቱ ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩና የሚከፈትበት ቀን ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ሣጥኑን ድርጅቱ ራሱ በቁልፉ መክፈቱንም ይጠይቁ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ለሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በተደረገው “አንድ ብር ለአንድ ልብ” በተባለው ዘመቻ ሰው ብሩን የሰጠው ለማን እንደሚሰጥ እያወቀ ነበር። ስም በሌለበት ሣጥን ውስጥ ብርዎን አይተዉ፤ በቴሌብር ወይም በካርድ ከከፈሉ ደግሞ የመልስ ጥያቄው ራሱ አይነሣም።

ጥያቄ፦ ልደታ አካባቢ በሚገኝ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የምንረዳቸው እናቶች በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን ያዘጋጃሉ። ከመለመን ይልቅ ምርቱን በአካባቢው ሱቆችና በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ብናስገባ ቤተሰቦች ለራሳቸው ፍጆታ እየገዙ ይደግፉናል ብለን አሰብን። ሕጉ ይፈቅድልናል? (አንድ ሠራተኛ)

መልስ፦ ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ድርጅቶች ራሱን የቻለ የንግድ ተቋም በማቋቋም፣ የኩባንያ አክሲዮን በመግዛት ወይም በሌሎች በሕግ በተፈቀዱ መንገዶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ መሰማራት ይችላሉ። ከሥራው የሚገኘው ገቢ ግን ለአባላት ወይም ለሠራተኞች በትርፍ መልክ ሊከፋፈል አይችልም፤ ለድርጅቱ ዓላማና ወጪ ማዋል ግዴታ ነው። ለዚህ ሥራ የተለየ የባንክ ሒሳብና የተለየ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አለባችሁ፤ የንግድ ፈቃድም ግብርም እንደማንኛውም ነጋዴ ይመለከታችኋል። “እኛ በጎ አድራጎት ነን” በሚል ደረሰኝ ሳይቆርጡ መሸጥ በኋላ የሚያስከትለው ቅጣት ከትርፉ ይበልጣል።

እዚህ ላይ በደንብ ልታስቡበት የሚገባው ነገር እናቶቹ የሚያገኙት ክፍያ ነው። በርበሬውን የሚቀነጥሱት፣ የሚያጥቡት፣ የሚያሰጡትና ቅመሙን የሚያሰናዱት እነሱ ናቸው፤ ሥራው የበጎ አድራጎት ስም ስለያዘ ብቻ ከገበያ ዋጋ በታች ቢከፈላቸው ድርጅቱ የሚረዳቸው በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው እየወሰደ ይሆናል። የኪሎውን ዋጋ ስታሰሉ መጀመሪያ የዛላውንና የቅመሙን ወጪ፣ ቀጥሎ የእናቶቹን የሥራ ዋጋ፣ ከዚያ የወፍጮውንና የማሸጊያውን፣ በመጨረሻ የሱቁን ህዳግና የድርጅቱን ድርሻ ጨምሩ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ዋጋ ከገበያው በጥቂቱ ቢወደድ የአዲስ አበባ ሰው ጥሩ በርበሬ በመሆኑ ይገዛዋል፤ ጥራቱ ከወረደ ግን ለበጎ አድራጎት ሲል ሁለተኛ ጊዜ የሚገዛ ቤተሰብ አታገኙም። የበርበሬ ነገር በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሳይደርቅ የተቀመጠ ዛላ ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታውም ለጉበት ጎጂ የሆነውን አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ የማድረቂያው ቦታና የማከማቻው ንጽሕና ከማሸጊያው ውበት ይቅደም። በማሸጊያው ላይ የድርጅቱን ስም፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ክብደቱን ጻፉ፤ የአንዲትን እናት ፎቶና ችግሯን የሚናገር ታሪክ ግን አትለጥፉ። ገዢው በርበሬ ነው የሚገዛው፤ የእሷን ችግር ለየወጥ ቤቱ ማሳየት አያስፈልግም።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ማሰባችሁ ጥሩ ነው። በየወረዳው አሉ፣ ነዋሪው ያውቃቸዋል፣ አሠራራቸውም ለዚህ ጉዳይ ይስማማል። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካወጣቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ማሰብን የሚመለከት ነው፤ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤም ከዓመታዊ ትርፉ ለማኅበራዊ ጉዳይ የሚውል ድርሻ መወሰን ይችላል። ስለዚህ ወደ ሱቁ ሥራ አስኪያጅ ብቻ አትሂዱ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት ለሥራ አመራር ኮሚቴው ደብዳቤ ጽፋችሁ በአጀንዳ እንዲያዝ ጠይቁ። አባላት በዓመቱ መጨረሻ ከሚደርሳቸው የትርፍ ክፍፍል ላይ በፈቃዳቸው ጥቂት እንዲተዉ የሚፈርሙበት ቅጽ ብታቀርቡ ደግሞ፣ ለዚህ ሥራ ከሰማናቸው ሐሳቦች ሁሉ ድካሙ ያነሰው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የንግድ ማዕከል በደንበኞች ቀን ከ500 ብር በላይ ለገዛ ሁሉ የቶምቦላ ቲኬት ሸጠን፣ ከቲኬቱ ሽያጭ የሚገኘውን ለሕፃናት ማሳደጊያ ለመስጠት አስበናል። ፈቃድ ያስፈልገዋል? አንዳንዶች ደግሞ ከቶምቦላው ይልቅ ደንበኛ ሲወጣ አንድ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቅርጫት ይሻላል ይላሉ። (የአዘጋጅ ኮሚቴ አባል)

መልስ፦ ቶምቦላ ዕጣ ነው፤ ለበጎ አድራጎት ቢሆንም ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የጊዜ ጥበት ካለባችሁ ቅርጫቱን ምረጡ፤ ነገር ግን ባዶ ቅርጫት ብቻ ካስቀመጣችሁ ከፓስታና ከብስኩት በስተቀር የሚገባበት ነገር አይኖርም። ወደ ማሳደጊያው ደውላችሁ በዚህ ወር የጎደላቸውን ጠይቁና፣ መልሳቸው የዱቄት ወተት፣ የልብስ ሳሙና ወይም የትምህርት ቤት ደብተር ከሆነ ያንኑ በትልቁ ጽፋችሁ በመግቢያው በር ላይ ስቀሉት፤ ደንበኛው ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ ያየው ዘንድ። ምሽት ላይ የተሰበሰበው ዕቃ በዓይነትና በቁጥር ተመዝግቦ፣ ከማሳደጊያው የመጣው ሰው ፈርሞ ይረከብ።